የትኩሳት ዋጋ



ወደዚህ አዳራሽ ስትጋብዙኝ የሰጣችሁኝ ጥያቄ አንድ መስመር ነበር፦ «ትኩሳት ያድናል ወይስ ይገድላል?» እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝና ጥያቄውን ከሰው ብቻ አልጀምረውም። ጥንቸል፣ አይጥ፣ በግ፣ በሬና ሰው ሁሉም አጥቢዎች ናቸው፤ ባክቴሪያ ሲገባባቸው ሁሉንም ያተኩሳቸዋል። ሰው ላይ ልንሞክረው የማንደፍረው ብዙ ነገር በእንስሳቱ ላይ ተሞክሯል። ዛሬ የማወራችሁ ከዚያ ስለተገኘው እውቀት ነው።

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ትኩሳት መከላከያ ነው፤ ነገር ግን ዋጋ የሚያስከፍል መከላከያ ነው። ያተረፈ ወይም ያከሰረ መሆኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ሙቀቱ ምን ያህል ጨመረ? ባክቴሪያው የት አረፈ? የታመመው ምን አቅም አለው? መጠን፣ ቦታ፣ አቅም። እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፤ ደጋግሜ እመለስባቸዋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ትኩሳት ምን እንደሆነ እንስማማ። በሐሩር ሲያርስ የዋለ ገበሬ ሰውነቱ ይግላል። ይህ ትኩሳት አይደለም። አንጎሉ «ሞቀህ» ይለዋል፤ ያልበዋል፣ ጥላ ይፈልጋል፣ ውኃ ይጠጣል። ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ቴርሞሜትሩ 39 እያሳየ «ብርድ ብርድ አለኝ፣ ጋቢ ደርቡልኝ» ይላል። ቤት ውስጥ ሁላችሁም አይታችሁታል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በትኩሳት ጊዜ አንጎል ራሱ የሰውነቱን የሙቀት ልክ ወደ ላይ ከፍ ያደርገዋል። አዲሱ ልክ 39 ከሆነ 37 ላይ ያለው ሰውነት በእርግጥም ብርድ ይሰማዋል። በቆዳው ሥር ያሉት የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል። ከብት አርቢዎቻችንም ይህን ያውቁታል፤ የበሬው ጆሮ ሲቀዘቅዝ፣ ፀጉሩ ሲቆም፣ ማመስኳቱን ሲተው «ታሟል» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው።

ትእዛዙ እንዴት አንጎል ይደርሳል? ነጭ የደም ሕዋሳት ከባክቴሪያው ግድግዳ የተገነጠለ ቁራጭ ሲያገኙ ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲ ኤን ኤፍ የሚባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ወደ ደም ይለቃሉ። መልእክቱ አንጎል ውስጥ ባሉ የደም ሥሮች ዘንድ ሲደርስ ፕሮስታግላንዲን ኢ 2 የሚባል ንጥረ ነገር ይመረታል፤ ይህም ሃይፖታላመስ የተባለውን የአንጎል ክፍል ነክቶ የሙቀቱን ልክ ከፍ ያደርጋል። ፓራሲታሞል፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን የሚሠሩት እዚሁ ላይ ነው፤ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያግዳሉ። ባክቴሪያውን ግን አይነኩትም። ይህን ዓረፍተ ነገር ልድገመው፦ ትኩሳት የሚያወርደው መድኃኒት ባክቴሪያውን አይነካውም።

ይህ ሁሉ በነፃ አይገኝም። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ሰውነት የሚያቃጥለው ጉልበት በግምት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። መንቀጥቀጡ ሲታከልበት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ልብ ይፈጥናል፣ ሳንባ ይፈጥናል፣ ውኃ ያልቃል። እንዲህ ያለ ወጪ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ከአጥቢዎች ሁሉ ጋር የኖረው ለምንድን ነው? ጥቅም ባይኖረው ኖሮ እስካሁን በጠፋ ነበር። ይህን ግምት በሙከራ የፈተነው ማቲው ክሉገር የተባለ የአሜሪካ የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው።

ክሉገር የጀመረው አጥቢ ካልሆነ እንስሳ ነበር፦ ከበረሃ እንሽላሊት። እንሽላሊት በራሱ ሙቀት ማመንጨት ስለማይችል፣ ሲታመም ወደ ሞቃት ቦታ እየተሳበ ነው ራሱን የሚያተኩሰው። በ1975 በታተመው ሥራው እንሽላሊቶቹን በባክቴሪያ አስይዞ በተለያየ ሙቀት አስቀመጣቸው። በ34 ዲግሪ የተቀመጡት በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቁ፤ በ40 እና በ42 ከተቀመጡት ግን አብዛኞቹ ተረፉ። አስገራሚ ውጤት ነው። ነገር ግን እንሽላሊት ጥንቸል አይደለም፤ ተቺዎቹም ይህንኑ አሉ።

ስለዚህ ወደ ዋናው ነጥቤ፣ ወደ ጥንቸሎቹ ልምጣ። በ1978 ክሉገርና ሊንዳ ቮን ጥንቸሎችን ፓስቹሬላ ሙልቶሲዳ በሚባል ባክቴሪያ አስያዙ። ይህ ባክቴሪያ ለእኛ ባዳ አይደለም፤ የከብቶቻችንን ጎሮርሳ የሚያመጣው እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሮሮው አብጦ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የሚወድቅ በሬ ያየ ሰው እዚህ መካከላችን እንደሚኖር አልጠራጠርም። ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱ ጥንቸል ምን ያህል እንዳተኮሰው እየለኩ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተረፈ መዘገቡ። ሙቀታቸው ከተለመደው እስከ 2.25 ዲግሪ ድረስ የጨመረባቸው ጥንቸሎች፣ ጭማሪው ከፍ ባለ ቁጥር የመትረፍ ዕድላቸውም ከፍ አለ። ከዚያ በላይ የጨመረባቸው ግን የመትረፍ ዕድላቸው ማሽቆልቆል ጀመረ።

ይህ ውጤት ከ40 ዓመት በላይ ቢያልፈውም ለእኔ እስከ ዛሬ ከሁሉም የሚበልጥብኝ እሱ ነው። «ትኩሳት ይጠቅማል» ለሚለውም «ትኩሳት ይጎዳል» ለሚለውም በአንድ መስመር ላይ መልስ አለው። ትኩሳቱ ያነሰበት ጥንቸል በብዛት ሞተ፤ ከመጠን በላይ ያተኮሰውም እንዲሁ። መጠን ያልኳችሁ ይህንን ነው።

ሙቀቱ ባክቴሪያውን እንዴት ይጎዳዋል? ብዙዎች «ባክቴሪያው ስለሚቃጠል» ይላሉ። ሁለት ዲግሪ ብዙውን ባክቴሪያ አይገድልም፤ ፓስቹሬላ በምርምር ቤት ዕቃ ውስጥ በጥንቸል ትኩሳት ሙቀት በደንብ ይራባል፤ ብረት እስካለው ድረስ። ነገሩ ያለው ብረቱ ላይ ነው። በባክቴሪያ የተያዘ አጥቢ በደሙ ውስጥ የሚዘዋወረውን ብረት ሰብስቦ ይደብቃል። በ1979 ክሉገርና ሮተንበርግ ያሳዩት ይህንን ነው፦ ሙቀቱ ብቻውን ወይም የብረቱ ማነስ ብቻውን ባክቴሪያውን ብዙም አላስቸገረውም፤ ሁለቱ ሲገጥሙ ግን እድገቱ ተገታ። ትኩሳት ብቻውን ተዋጊ አይደለም፤ ከሌሎች የሰውነት መከላከያዎች ጋር ተቀናጅቶ የተሠራ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳትም በትኩሳት ሙቀት ላይ ፈጥነው ይጓዛሉ፤ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ወደ ቁስሉ የመግባት ችሎታቸው ይጨምራል።

ከጥንቸሎቹ ሳልወጣ ሁለት ነገር ልጨምር። በ1980 ቮንና ባልደረቦቿ ሶዲየም ሳሊሲሌትን፣ ማለትም የአስፕሪንን ዘመድ፣ በቀጥታ ሙቀት ወደሚቆጣጠረው የጥንቸል አንጎል ክፍል አስገቡ። ለምን በአንጎል? መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ተሰራጭቶ ሌላ ጉዳት አደረሰ እንዳይባል። ትኩሳታቸው የተገታባቸው ጥንቸሎች በብዛት ሞቱ። ሁለተኛው በ1976 የታየው የአዲስ የተወለዱ ጥንቸሎች ነገር ነው። የጥንቸል ግልገል በራሷ ሙቀት አመንጭታ ማተኮስ አትችልም። ትኩሳት የሚያመጣ ነገር ተወግታ አንዱ ጫፉ ሞቃት፣ ሌላው ጫፉ ቀዝቃዛ በሆነ ወለል ላይ ስትቀመጥ ግን፣ ካልተወጉት ይልቅ ወደ ሞቃቱ ቦታ ትሳባለች። አንጎሏ ልኩን ከፍ አድርጎታል፤ ሰውነቷ ግን ገና አልደረሰበትም። ስለ ጨቅላ ሕፃናት ስናወራ ይህችን ጥንቸል አስታውሱ።

ከሦስቱ ሁለተኛው ቦታ ነው። ማስረጃው ከባልቲሞር፣ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። ተመራማሪዎቹ አይጦችን ክሌብሲየላ በሚባል ባክቴሪያ አስያዙ። በ2000 በታተመው ሥራ ባክቴሪያው የተከተተው በሆድ ዕቃ ክፍተት ውስጥ ነበር። በተለመደው ክፍል ሙቀት የተቀመጡት አይጦች ሁሉም ሞቱ፤ ሞቃት ክፍል ውስጥ ገብተው ሰውነታቸው ወደ 39.5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያለው ግን ግማሾቹ ተረፉ። በሆዳቸው ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ በመቶ ሺህ እጥፍ ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ዛሬ ሁላችንም «ትኩሳትን አትንኩ» ብለን እንሄድ ነበር። አላቆሙም። በ2005 ያንኑ ባክቴሪያ በአይጦች ሳንባ ውስጥ አስገቡት። ሙቀት የጨመረላቸው አይጦች ሳንባ ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ አሁንም በብዙ እጥፍ ቀነሰ። ነገር ግን እነዚሁ አይጦች ከሌሎቹ ይበልጥ ሞቱ። ባክቴሪያውን አሸንፈው ሞቱ! ምክንያቱ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በሙቀቱ ተነሣሥተው ወደ ሳንባ በብዛት መጉረፋቸው ነው፤ የሳንባውን ስስ ግድግዳ አፈረሱት፣ አየር የሚገባበት ቦታ በፈሳሽ ተሞላ። ገበሬ አረም ሲያቃጥል ከጎኑ ያለው ማሳ ባዶ ከሆነ እሳቱ አረሙን ጨርሶ ይጠፋል፤ የነዶ ክምር ካለ ግን ክምሩንም ይዞ ይሄዳል። ሆድ ዕቃ ያን ጎርፍ ቻለው፤ ሳንባ አልቻለውም። ባክቴሪያው አንድ፣ እንስሳው አንድ፣ ሙቀቱ አንድ፤ ቦታው ሲለወጥ ግን ፍርዱ ተገለበጠ።

ሦስተኛው አቅም ነው። በ2012 በትልልቅ አይጦች ላይ የታተመ ጥናት አንድ የማይጠበቅ ነገር አሳየ። ሕመሙ እጅግ ሲከፋ ሰውነታቸው ከማተኮስ ይልቅ ቀዝቀዝ እንዲል የተፈቀደላቸው አይጦች የተሻለ ተረፉ። ጉልበቱ ሲያልቅበት ሰውነት ውጊያውን ትቶ ዋና ዋና ክፍሎቹን ወደ ማትረፍ የሚዞር ይመስላል። ይህ ማለት ግን የታመመን ማቀዝቀዝ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። በ2013 በፈረንሳይ በባክቴሪያ በሚመጣ ከባድ የማጅራት ገትር የተያዙ ሰዎች ሆን ተብሎ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ እንዲቀዘቅዙ ተደርጎ ነበር። ጥናቱ 98 ሰዎች ላይ እንደደረሰ እንዲቆም ተደረገ፤ ከቀዘቀዙት 51 በመቶ፣ ካልቀዘቀዙት 31 በመቶ ሞተው ነበር። ሰውነት በራሱ ሲቀዘቅዝና ሐኪም በግድ ሲያቀዘቅዘው አንድ አይደለም።

በባክቴሪያ ደማቸው የተመረዘ ሰዎች ላይ ሐኪሞች ደጋግመው ያዩት ነገርም አለ፦ ሆስፒታል ሲደርሱ ሙቀታቸው ከተለመደው በታች የሆነ ሰዎች ካተኮሳቸው ይልቅ በብዛት ይሞታሉ፤ ቅዝቃዜው አቅማቸው እንዳለቀ ይናገራል። ጎሮርሳ የያዘው በሬም መጨረሻው ሲቃረብ ሙቀቱ ይወርዳል። ባለቤቱ «እሰይ በረደልኝ» ሲል ሰምቼ አንገቴን ደፍቻለሁ።

በሰው ላይ የተደረጉትን ሌሎች ሙከራዎች በአጭሩ ልለፋቸው። በ2015 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኙ፣ ትኩሳት ያላቸውና ኢንፌክሽን የተጠረጠረባቸው 700 ሰዎች ግማሾቹ ፓራሲታሞል፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ተሰጣቸው። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት 15.9 እና 16.6 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። በ2012 ደግሞ በፈረንሳይ ደማቸው ተመርዞ የደም ግፊታቸው የወደቀ፣ በማሽን የሚተነፍሱ 200 ሰዎች ላይ ሙቀቱን ከውጭ በማቀዝቀዝ ወደ ተለመደው ልክ መመለሱ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት ሞትን ቀንሷል፤ ከ34 ወደ 19 በመቶ። እነዚህ ሰዎች የትኩሳቱን ወጪ የሚከፍሉበት አቅም ያለቀባቸው ነበሩ። ሁለቱ ጥናቶች የተጣሉ የሚመስለው ሰው አቅም የሚለውን ረስቷል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ እዚህ የተሠራ፣ ልንኮራበት የሚገባ ሥራ አለና። ግርሻ የምንለውን በሽታ ታውቃላችሁ። በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፣ ቦሬሊያ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣ፣ ተጠጋግተው የሚያድሩ የቀን ሠራተኞችን፣ እስረኞችንና የጎዳና ነዋሪዎችን የሚያጠቃ፣ ትኩሳቱ ሄደ ሲባል ተመልሶ የሚመጣ በሽታ ነው። ከሌላው ዓለም ጠፍቷል ማለት በሚቻልበት ጊዜ እንኳ በእኛ ዘንድ ቆየ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይገድለዋል። አስፈሪው ነገር ከመርፌው በኋላ ያለው ጥቂት ሰዓት ነው። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት በሽተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ከቀድሞው ይብሳል፣ ከዚያ ላብ በላብ ሆኖ የደም ግፊቱ ይወድቃል። በበሽታው የመጡ ሰዎች በሕክምናው ሰዓት የሞቱበት ጊዜ አለ።

ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ ያደረጉት፣ በ1996 የታተመው ጥናት የዚህን ምንጭ ፈለገ። ቀደም ብዬ ቲ ኤን ኤፍ ያልኳችሁን መልእክተኛ የሚይዝ፣ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ከፔኒሲሊኑ በፊት ለበሽተኞች ሰጡ። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች 26ቱ ላይ ያ ከባድ መንቀጥቀጥ ታየ፤ ከተሰጣቸው 20 ሰዎች ግን በ10ሩ ላይ ብቻ። ዓለም ሁሉ ከዚህ የተማረው ትኩሳቱንና የደም ግፊቱን መውደቅ የሚያመጣው እጅ አንድ እንደሆነ ነው። ሙቀቱ የምናየው ገጽታው ብቻ ነው። ስለዚህ የግርሻ በሽተኛ መርፌ ከተወጋ በኋላ ነርሷ ቴርሞሜትሩን ብቻ ይዛ ብትቆም አይበቃም፤ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን መከታተል፣ ፈሳሽ አዘጋጅቶ መጠበቅ፣ በመጀመሪያው ሌሊት ከአልጋው ብድግ እንዳይል መከልከል ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ክፍል የእናንተ ነው፤ ቤታችሁና ጤና ጣቢያችሁ።

እናቶች፣ ልጃችሁን ሲያተኩሰው ሽሮፕ መስጠት ኃጢአት አይደለም። ልጁ ከተሰቃየ፣ ካልጠባ፣ ካልጠጣ፣ እንቅልፍ ካጣ ማስታገስ ተገቢ ነው፤ የሕፃናት ሕክምና መመሪያም ሙቀቱ 38.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ፓራሲታሞልን ይፈቅዳል። ዳማከሴም ቢሆን ትኩሳት እንደሚያበርድ የእኛው ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ሞክረው አይተዋል። የምፈራው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነው። ሙቀቱ ሲወርድ «ዳነልኝ» ተብሎ ቤት ይዋላል። ባክቴሪያው ግን ሳንባ ውስጥ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሽሮፑን ከሰጣችሁ በኋላ ግንባሩን ብቻ አትንኩ፤ ልብሱን ገልጣችሁ አተነፋፈሱን ቁጠሩ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሙቀቱ ቢወርድም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አንገቱ ከገተረ፣ ከደነዘዘ፣ አልጠባም ካለ ደግሞ አንድ ሰዓት አትጠብቁ።

ከ2 ወር በታች ያለ ጨቅላ ነገሩ ሌላ ነው። ያችን የጥንቸል ግልገል አስታውሱ፤ አንጎሏ ቢያዛትም ሰውነቷ ማተኮስ አልቻለም። ጨቅላ ሕፃንም በባክቴሪያ ተይዞ ላያተኩሰው ይችላል፤ እንዲያውም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ 37.5 እና ከዚያ በላይ አደጋ የሆነውን ያህል ከ35.5 በታችም እኩል አደጋ ነው። የቀዘቀዘን ጨቅላ ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቃችሁ፣ ጡት እያጠባችሁ፣ ወዲያውኑ ይዛችሁ ሂዱ። አረጋውያንና በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ ከባድ ኢንፌክሽን ይዟቸው ግንባራቸው ላይግል ይችላል።

ተማሪዎቼ፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። በካርዱ ላይ ሙቀት ስትመዘግቡ፣ በሽተኛው ትኩሳት የሚያወርድ መድኃኒት የወሰደበትን ሰዓት ከጎኑ ጻፉ። «37.2» የሚል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረኝም፤ ሰውየው ድኖ ይሆናል፣ ፓራሲታሞል ውጦ ይሆናል፣ ወይም ሰውነቱ አቅም አጥቶ ወደ ታች እየወረደ ይሆናል። ለሦስቱ የሚደረገው ነገር የተለያየ ነው። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችም በሬውን ስትለኩ እንዲሁ አድርጉ፤ ባለቤቱ ከመንገድ የገዛውን መርፌ ወግቶት እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ከተቀመጡት እናቶች እንጀምር።